የልብስ ሰፊው ጡንቻ

ደማስቆ ከተማ፣ ሻጉር ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊው ወጂህ "አጥፍቻለሁ" ሲል የሰማ ሰው አልነበረም። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ አጥፍቶ እንደማያውቅ ከልቡ ስለሚያምን ነው። እጅጌው አጠረኝ የሚለውን ደንበኛ "እጅህ ረዝሞ ነው" ይለዋል። ወገቡ ጠበበኝ ያለውን ደግሞ ከላይ እስከ ታች አይቶ "ምሳ ቀንስ" ብሎ ይሸኘዋል። ሰውም ችሎት ኖሯል፤ ስፌቱ ስፌት ነዋ። የደማስቆ የሠርግ አጃቢዎች የሚለብሱትን ያን ሰፊ ጥቁር ሱሪ፣ ሸርዋሉን፣ እንደሱ አድርጎ የሚሰፋ አልነበረም። ጎራዴ ይዘው ሲዘሉበት፣ ቁጢጥ ብለው ሲነሡበት፣ አንድ ክር አይላላም።

የተቀመጠው አባቱ በተቀመጠበት የእንጨት መደብ ላይ ነው፤ እግሩንም የሚያጣጥፈው አባቱ እንዳጣጠፈው ነው። የወተት ጥርሱ ሳይነቀል መርፌ ስላስያዙት እግሮቹ ጎብጠው ቀሩ፤ በመሀላቸው በግ ያልፋል እያሉ የሚቀልዱበት ነበሩ። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ቀጭን ነው። ሠርግ ላይ ከኋላ ይቆማል፣ ለቅሶ ላይ ጫማ የሚወልቅበት አጠገብ ይቀመጣል። ሰው የሰፋውን ልብስ እንጂ እሱን አያይም። ይህ ያንገበግበዋል፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ የበጋ ሠርግ ነው። የአጃቢዎቹ አለቃ ዲያብ ይባላል፤ በር ሞልቶ የሚገባ፣ ሪዙን በቅባት የሚያሾል፣ ሙሽራውን ትቶ ሕዝቡ እሱን እንዲያይ የሚፈልግ ሰው ነው። እንደ ልማዱ ጋሻውን በጎራዴ እየመታ አቅራራ፣ ዞረ፣ ቁጢጥ አለ። ከቁጢጡ ሊዘል ሲነሣ አንድ ነገር "ጭርቅ" አለ። ዲያብ ጋሻው ላይ ተዘረረ፣ ከበሮውም ቆመ። አራት ጎረምሶች ተሸክመውት ወደ ዶክተር ሙንዚር ሮጡ።

ዶክተር ሙንዚር ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ነው። እኛ አገር ሕክምናን ከሀ እስከ ፐ በአረብኛ ስለሚማሩ፣ ጅማቱም ጡንቻውም እናቶቻችን በሚያውቁት ቃል ነው የሚጠራው። ብዙ ሰው በዚህ ይኮራል። እንደታዘብኩት ግን የማይገባን ቃል አጣልቶን አያውቅም፤ ሰፈር የሚያምሰው የገባን የመሰለን ቃል ነው። ዶክተሩ የዲያብን ታፋ ከዳሌው ወደ ጉልበቱ እየተጫነ ወረደ፣ ዲያብ ጮኸ፣ ዶክተሩም እጁን እየታጠበ፣

"የልብስ ሰፊው ነው፤ ተቀዷል" አለ።

ስለ ጡንቻ እየተናገረ መሆኑን መጨመር አልታየውም። ሐኪም ሌላ ስለ ምን ይናገራል? አራቱ ጎረምሶች ግን እርስ በርስ ተያዩ። ዲያብም ሕመሙን ረስቶ ከአልጋው ቀና አለ።

"የልብስ ሰፊው? እርግጠኛ ነህ ዶክተር?"

"በእጄ ዳስሼው! በደንብ ነው የተቀደደው። ለስድስት ሳምንት ዝላይ የለም።"

ወሬው ከዲያብ ቀድሞ ሰፈር ገባ። የወጂህ ስፌት ተቀዶ ዲያብን ሽባ አደረገው ተባለ። ሸርዋሉን ገልብጠው ያዩ ሰዎች አንድም የተተረተረ ቦታ አላገኙም፤ ይሄ ግን ማንንም አላሳሰበም። ከወጂህ ሱቅ አጠገብ ጫማ የሚሰፋው ዘካሪያ ሲጠየቅ ወስፌውን ጥርሱ መሀል እንደያዘ፣

"ከውጭ ምን ይታያል? ዶክተሩ ያየው ከውስጥ ነው" አለ። ሰውም ይህን ተቀበለ።

በማግስቱ ዲያብ በሁለት ምርኩዝ፣ ቡድኑን አስከትሎ ከወጂህ ሱቅ ደጃፍ ቆመ። ወጂህ ቀና ሳይል ክር እያስገባ ነበር።

"አቡ ፋኢዝ" አለ ዲያብ በልጁ ስም ጠርቶት፣ "ያደረግከኝን ታያለህ?"

"አያለሁ። ወፍረሃል።"

"ያንተ ነው የተቀደደው። ዶክተሩ ተናግሯል።"

"ከኔ እጅ የወጣ ስፌት ተተርትሮ አያውቅም። ዶክተሩ መርፌ መውጋት ይችል ይሆናል፣ በመርፌ መስፋት ግን አያውቅም።"

"ሪዜን አየኸው?" አለ ዲያብ፣ ሊምልበት በሁለት ጣቱ ይዞት። "ዓርብ ከሶላት በኋላ ሐጂ ራጊብ አዳራሽ ትመጣለህ። በሰው ፊት 'አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ' ትላለህ። አለዚያ ሸርዋሎችህን በሙሉ ሰብስቤ እዚህ ደጃፍህ ላይ እከምራቸዋለሁ፤ ሻጉር ውስጥ መሐረብ እንኳ የሚያሰፋህ አታገኝም።"

ሄዱ። ወጂህ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሞከረ፤ አልገባለትም። ሱቁን ቢያጣ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። "አጥፍቻለሁ" ቢል ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት የሰፋው ልብስ አብሮ የሚቀደድ መስሎ ታየው። ከመደቡ ላይ ተነሥቶ ቆመ፤ ይህን በሥራ ሰዓት አድርጎ አያውቅም። ጫማውን አጥልቆ ወደ ዶክተሩ ሄደ።

የዶክተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ቆዳው የተገፈፈ ሰው ሥዕል ተሰቅሏል። ወጂህ ሰላምታ ሳይሰጥ እሱን ያይ ጀመር።

"ይሄን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

"ሥዕል ነው አጎቴ። ጡንቻ ማስተማሪያ ነው።"

"የኔን ስፌት የት አይተህ ነው ተቀዷል ያልከው?"

ዶክተሩ መጀመሪያ አልገባውም። ከገባው በኋላ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ፣ ከዚያ ሳቀ። ወጂህ ግን እንደቆመ ስለነበር ሳቁን ዋጠ። ብዕሩን አንሥቶ ሥዕሉ ላይ ከዳሌው አጥንት ጎን ጀምሮ፣ ታፋውን በሰያፍ አቋርጦ፣ ከጉልበቱ በታች በውስጥ በኩል የሚያርፈውን ቀጭን ጡንቻ ተከትሎ ወረደ።

"ስሙ ይሄ ነው። የልብስ ሰፊው ጡንቻ። ዲያብ ላይ የተቀደደው ይሄ ነው እንጂ ሱሪው አይደለም።"

"ልብስ ሰፊ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"እግርህን አጣጥፈህ ስትቀመጥ እግርህን የሚስበው እሱ ነው። የድሮ ሐኪሞች ልብስ ሰፊዎችን አይተው ነው ስሙን ያወጡለት።"

ወጂህ ከአንገቱ የተንጠለጠለውን ሜትር አወረደና ሥዕሉ ላይ ዘረጋው። ሜትሩ ጡንቻው ላይ ልክክ ብሎ ተኛ። ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበ።

"ረጅም ነው" አለ።

"ከሰውነት ጡንቻ ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው።"

"ከደረቱም? ዲያብ ከሚነፋው?"

"ከሁሉም።"

"ይሄ ያለው ልብስ ሰፊ ብቻ ነው?"

"ሰው ሁሉ አለው።"

"ከንቲባውም?"

"ከንቲባውም አጎቴ፣ ሚስቱም።"

ወጂህ ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። አባቱ ትዝ አለው፤ ወገቡ ተጣጥፎ የሞተው፣ አንድ ሰው እንኳ "ሙያህ" ብሎ ያላመሰገነው አባቱ። ለካ ሙያው በሰው ሁሉ እግር ውስጥ አለ! አይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ለዶክተሩ ግን አቧራ ነው አለው።

ወደ ሱቁ የተመለሰው ወጂህ ሌላ ሰው ነው። ደረቱን ነፍቶ፣ እሱን ዞር ብሎ የማያየውን ሰው ሁሉ ሰላም እያለ፣ የመንገደኛውን ታፋ ሳይደብቅ እያየ መጣ። አንዲት ሴትዮ በነጠላ ጫማዋ ልትመታው ደርሳ ነበር። ለዘካሪያ ሥዕሉን በእጁ አየር ላይ ሥሎ ሲነግረው፣ ጫማ ሰፊው ወስፌውን ጣለው።

"እና የኔስ?"

"ያንተ የለም።"

"እንዴት ነው የሚኖረው ያንተ ብቻ? ሰው ራቁቱን ይሄዳል፣ ባዶ እግሩን ግን አይሄድም።"

ዘካሪያ በዚያው ዶክተሩ ዘንድ ሄደ። ዶክተሩም ከባቱ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ጡንቻ አለ፣ የነጠላ ጫማ ጡንቻ ይባላል ብሎ በቀና ልብ ነገረው። ዘካሪያ ፊቱ ተለዋወጠ። አንድን ሰው ጫማ ብሎ መስደብ እኛ ዘንድ ደም የሚያፋስስ ነገር ነው፤ አሁን የገዛ እግሩ ውስጥ ስድብ ተቀምጦ ኖሯል። "አልፈልገውም፣ ውሰዱልኝ" ብሎ በሩን ወርውሮ ወጣ። ከሱ በኋላ ጣፋጭ ሻጩ መጣ፤ ትከሻው መሀል እንደ ባቅላዋ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ጡንቻ እንዳለ ሰምቶ አንጀቱ ራሰ። አትክልት ሻጩ መቀመጫው ውስጥ የእንኮይ ቅርጽ ያለው ተሰጠው፤ ቦታውን አልወደደውም፣ እንኮዩን ግን ተቀበለ። ዳቦ ጋጋሪው ምንም አላገኘም። ትልቅ ሰው፣ የልጅ ልጅ ያየ፣ በሐኪም በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። ዶክተሩ ጨንቆት የማኘኪያውን ጡንቻ፣ መንጋጭላ ላይ ያለውን፣ "ያንተ ዳቦ ባይኖር ይከሳ ነበር" ብሎ ሰጠው። ከዚያ በሩን ቆለፈና በመስኮት በኩል ማከም ጀመረ።

ወጂህ ቤት እራት ላይ ስለ ጡንቻው እንጂ ስለ ዓርብ አያወራም። ሚስቱ ነዚሃ ምስሩን ከሩዝ ጋር ቀላቅላ አቅርባለት፣ እሱ ማንኪያውን ታፋው ላይ እያስኬደ ያሳያታል።

"ከዚህ ይነሣል። እዚህ ድረስ። በሰያፍ ነው የሄደው አየሽ፣ ጨርቅ በሰያፍ እንደሚቆረጠው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ዓርብ ምን ልትል ነው?"

"ዶክተሩ ይመጣል። ያስረዳል።"

"እሱ ያስረዳ። አንተ ደግሞ 'የኔ አይደለም' ብለህ ተገላገል። ሱቁ ከተዘጋ አፍህ ነው የሚሰፋልን?"

"እንዴት ነው የኔ የማይሆነው?"

"ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ አቡ ፋኢዝ። ብላ።"

ዓርብ የሐጂ ራጊብ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሐጂ ራጊብ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን የፈለጉትን ይሰማል። ዲያብ ፊት ለፊት እግሩን ትራስ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ወጂህ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል ጎትተው መሀል አመጡት። ዶክተሩ ሥዕሉን ጠቅልሎ ይዞ ነበርና ግድግዳ ላይ ዘረጋው። ሁለት ሽማግሌዎች ራቁት ሰው ነው ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ዶክተሩ አስረዳ። ስም ብቻ ነው አለ፤ ከናታችን ማሕፀን ይዘነው የምንወጣው ጡንቻ ነው፣ ወጂህ አልሰፋውም፣ ዲያብ ሰውነቱን ሳያሟሙቅ ስለዘለለ ነው የተቀደደው።  ሐጂ ራጊብ መቁጠሪያቸውን ጥቂት ገፉና፣

"ገባኝ" አሉ። "እንግዲህ እኛ ሰፈር ውሻህ ሰው ቢነክስ፣ ባለቤቱ አንተ ነህና ትጠየቃለህ። ውሻው ያንተ ካልሆነ ማንም አይነካህም። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው። ወጂህ ይነሣና 'ይህ ጡንቻ የኔ አይደለም፣ አላውቀውም' ይበል። እናንተም ጭኑን ለሐኪሙ ትታችሁ ሰውየውን ልቀቁት።"

"እስማማለሁ" አለ ዲያብ። ከስድስት ሳምንቱ በኋላ ሁለት ሠርግ ነበረበትና ሸርዋል ሰፊ መፈለግ አላማረውም።

ሁሉም ወደ ወጂህ ዞሩ። ዘካሪያ ከኋላ "በል ካደው፣ እኔ የኔን ክጄዋለሁ" ብሎ አንሾካሾከለት። ዶክተሩ በአይኑ ለመነው። መውጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቃሉን ብቻ ማለት ነው፤ ሱቁም ስሙም ይተርፋሉ፣ ይቅርታም አይጠይቅም። ወጂህ ተነሣ። አፉን ከፈተ። ሥዕሉን አየ። በዚያ በተገፈፈ ሰው እግር ላይ ከአባቱ መደብ ሌላ በዓለም ላይ የሱ የሆነ ነገር ተዘርግቶ ይታየዋል። አሁን አላውቅህም ቢለው ማን ያውቀዋል?

"የኔ ነው" አለ።

"አልሰማሁህም" አሉ ሐጂ ራጊብ፣ ሰምተው።

"የኔ ነው። የአባቴ ነበር፣ አሁን የኔ ነው።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ወደቀ። ዲያብ ምርኩዙን ተደግፎ ብድግ አለ።

"የኔ ነው ካልክማ ተቀዶብኛል።"

"ተቀዶብሃል" አለ ወጂህ።  ሰው ሁሉ ቀጣዩን ቃል ከዚህ ሰውዬ አፍ ለመስማት አንገቱን አሰገገ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አጥሮ በቀረ እጅጌ የኖሩ ሰዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። "አጥፍቻለሁ ዲያብ። መያዝ ነበረበት፣ አልያዘም። በልብስ ሰፊዎች ሁሉ ስም ይቅርታ አድርግልኝ።"

ዲያብ ሪዙን ነካ፣ ተወው።

"ኧረ እኔም… እኔም ወፍሬያለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ምንም አይደል አቡ ፋኢዝ። እግሬ አሁን ቀለል አለኝ።"

ዶክተሩ ይሄ በሕክምና የማይሆን ነገር ነው ሊል ነበር፤ ማንም አላዳመጠውም።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሻጉር ግን እንደዚያ አይነት ሰፈር አይደለም። በማግስቱ ኡም ሰብሪ የምትባል አሮጊት ወደ ሱቁ መጥታ፣ ጭኗን ስንት ክረምት ሲያማት እንደኖረ ነገረችው። ወጂህ በሜትሩ ለካ፣ ቦታው ልክ ነበር፣ "የኛ ጥፋት ነው እናቴ፣ ይቅርታ አድርጊልን" አላት። አሮጊቷ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ባሏ ሞቶ፣ ልጇ ርቆ ሄዶ፣ ሐኪም ቤት ሲያንገላታት ኖሮ፣ አንድ ሰው ይቅርታ ብሏት አያውቅም ነበር።

ከሷ በኋላ መጉረፍ ሆነ። ቁርጥማት የያዘው፣ ባቱን ሌሊት የሚያኮማትረው፣ አንገቱ አልዞር ያለው፣ ሁሉም መጣ። ዘካሪያ የነጠላ ጫማውን ጡንቻ ስለካደ የባት ሕመምተኞችም ባለቤት አጡ፤ ወጂህ እነሱንም ተቀበለ። ዶክተር ሙንዚር ቅባት ይሰጣል፣ ክኒን ይሰጣል፣ ይቅርታ ግን አይጠይቅም ተባለ። ወጂህም መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ሁሉንም ይሰማል፣ ለሁሉም "አጥፍቻለሁ" ይላል። መጀመሪያ ላይ ቃሉ ሲወጣ ያንቀው ነበር። እያደር ምላሱ ተፍታታ፤ እንዲያውም እጅጌ ያጠረበት ደንበኛ ሲመጣ ሳያስበው "አጥፍቻለሁ" ብሎት፣ ደንበኛው ደንግጦ ልብሱን ይዞ ሸሸ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነዚሃ ምሳ ሳትይዝ ሱቁ መጣች። ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እስኪጨርሱ ቆመች። ከዚያ የሕመምተኞቹ ወንበር ላይ፣ ከቤት ስትወጣ የምታጠልቀውን ጓንት ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

"ምን ሆነሻል ኡም ፋኢዝ?"

"ያመኛል።"

"የት?"

እጇን ደረቷ ላይ፣ ከአንገቷ ትንሽ ዝቅ አድርጋ አሳረፈች። ወጂህ ሜትሩን አንሥቶ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠው።

"ያ የልብስ ሰፊው አይደለም" አለ።

"አውቃለሁ።"

ውጭ ጋሪ አለፈ። ወጂህ ጨርቁን ከጭኑ ላይ አነሣ፣ የተጣጠፈ እግሩን አንድ በአንድ ፈታ፣ ከመደቡ ወርዶ ፊቷ ቆመ።  ከዚያ ስሟን ጠራት፣ ከልጃቸው ስም በፊት የነበረውን።

"አጥፍቻለሁ ነዚሃ።"

"የትኛውን?" አለችው።

ወጂህ የሱቁን በር ዘጋ፣ አጠገቧ ተቀመጠና ከሠርጋቸው ቀን ጀመረ።